የስለት ዋጋው እሳቱ ነው

ንብርብር ወይስ ነጠላ ብረት? ትንሽ ቢላ የሚገዛ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ

በገበያ ቀን ደጎሎ ከማለዳ ጀምሮ ትሞላለች። ከዋልካው ማሳ የተሰበሰበ ስንዴና ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ በግ የሚነዱ ልጆች፣ ከቆላው ሽቅብ የወጡ ነጋዴዎች ወደዚህች የጃማ ወረዳ መቀመጫ ይጎርፋሉ። ከእህል ተራው ወጣ ብሎ፣ ሞፈርና ቀንበር ከሚሸጡት አጠገብ፣ ባለእጆቹ ማዳበሪያ አንጥፈው ሥራቸውን ደርድረዋል፤ ማረሻ፣ ወገል፣ ማጭድ፣ ጠገራ፣ ከፊት ደግሞ ቁመታቸው የተለያየ ካራዎች።

አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ቢላ አወጣ። እህቱ ከሳውዲ የላከችለት ናት። ስለቷ ከመዳፍ አትበልጥም፤ እጀታዋ ጥቁር ነው፤ ጎንና ጎኗ ላይ የሚጥመለመል ግራጫ መስመር አላት።

“አባቴ፣ እንዲህ ያለ ይሠራሉ? ስልሳ ሰባት ንብርብር ነው ብላኛለች። ከነጠላው ብረት ይበልጣል አሉ።”

ባለእጁ ቢላዋን ተቀብለው ጎኗን ብዙም አላዩትም። ገለበጧትና ጀርባዋን ወደ ፀሐይ አዞሩ። በአውራ ጣታቸው ከጫፍ እስከ እጀታዋ ሥር ዳሰሷት።

“ልጄ፣ መስመሩ ጎኗ ላይ አለ፤ ጀርባዋ ላይ የለም። የተነባበረ ብረት ቢሆን ኖሮ በጀርባዋም ዞሮ በታየ ነበር። ይኼ ላይ ላዩን የተሣለ ነው።” ወጣቱ ፊቱ ሲለወጥ አይተው ጨመሩለት። “ስለቷ ግን መጥፎ ነው አላልኩህም። እሱን የሚነግርህ ሥራው ነው።”

የወጣቱ ጥያቄ የብዙ ገዢ ጥያቄ ነው። ዛሬ ከመርካቶ ሱቅም ሆነ ከውጭ አገር ዘመድ እጅ የምትመጣ ትንሽ ቢላ “ንብርብር” የሚል ስም ከያዘች ዋጋዋ ይጨምራል፤ የአገር ቤቱ ነጠላ ብረት ካራ ደግሞ ያለ ክርክር ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ንብርብር ስለት የሺህ ዓመታት ዕድሜ ያለው እውነተኛ ጥበብ ነው፤ የሚበልጥበትም ሥራ አለ። ሆኖም የማንኛውም ቢላ ዕጣ የሚወሰነው ጠርዙ ላይ ባለው ብረትና ያ ብረት ባለፈበት እሳት ነው። ይህን የተረዳ ገዢ ገንዘቡን የት እንደሚያውል ያውቃል፤ ባለእጁንም የሚገባውን ይከፍላል።

ጠንካራው ብረት የት ይቀመጥ?

ከስለት ሁለት የሚጣሉ ጠባዮች ይፈለጋሉ። ጠርዙ ቶሎ እንዳይዶለድም ጠንካራ መሆን አለበት፤ አካሉ እንዳይሰበር ደግሞ ቻይ መሆን አለበት። ብረት ላይ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል። ካርቦን በርከት ያለበት አረብ ብረት በእሳት ሲጠነክር ስለት ይይዛል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን እንደተመታ ይሸረፋል። ካርቦን ያነሰው ለስላሳ ብረት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ግን አንድ በግ ተገፎ ሳያልቅ ይዶለድማል።

ነጠላ ብረት ቢላ ከጫፍ እስከ እጀታው አንድ ዓይነት ብረት ነው። ሠሪው በጥንካሬና በቻይነት መካከል አንድ ቦታ መርጦ እዚያው ይቆማል። ንብርብር ቢላ ሥራውን ያከፋፍላል። መሃል ላይ ካርቦን የበዛበት ጠንካራ ብረት ይገባል፤ ከግራና ከቀኝ ለስላሳ ብረት ያቅፈዋል፤ ሦስቱ በእሳትና በመዶሻ አንድ ይሆናሉ። ጠርዙ ሲሞረድ ጎንና ጎኑ ተገፎ መሃለኛው ብቻውን ይወጣል። የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ይደግፉታል። እንደ ጃፓን አናጢዎች መሮና መላጊያ ባሉ መሣሪያዎች ላይ ንጣፉ ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ከሥር ጠንካራው፣ ከላይ ለስላሳው።

የአገራችን ገበሬ ይህን አሳብ በየቀኑ ይዞት ይወጣል። ሞፈሩ እንጨት ነው፤ ድግሩ እንጨት ነው፤ ብረት የሚሆነው አፈር የሚሰነጥቀው ማረሻ ብቻ ነው። ውዱና ጠንካራው ነገር ሥራው ካለበት ቦታ ይቀመጣል፤ የቀረው በቀላሉ ከሚገኘው ይሠራል። ንብርብር ስለትም የታሰበው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚህ ተነስተን “ስልሳ ሰባት ንብርብር” የሚባለውን እንመልከተው። በእውነት ሲሠራ እንኳ በግራ 33፣ በቀኝ 33፣ መሃል ላይ አንድ ማለት ነው። ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ቆዳ የሚገፈው ያ አንዱ ነው። የጎኖቹ 66 ንጣፎች ለዓይን ያምራሉ፤ ለመቁረጥ ግን በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ለስላሳ ብረት ካቀፈው ቢላ የተለየ ሥራ አይሠሩም። ቁጥሩ ስለ መሃለኛው ብረት አንዳች አይናገርም።

እጥረት የወለደው ጥበብ

ሰው ብረትን ማነባበር የጀመረው አረብ ብረት ስላነሰው ነው። በጥንቱ የአፈር እቶን የሚቀልጠው ድንጋይ የሚሰጠው በአብዛኛው ካርቦን ያነሰው ለስላሳ ብረት ነበር። እሱን በከሰል ውስጥ ለረጅም ጊዜ አግሎ ካርቦን እንዲጠጣ ማድረግ ብዙ ማገዶና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ አንጥረኛው ያገኛትን ቁራጭ አረብ ብረት ጠርዝ ላይ ብቻ አዋላት። በእንግሊዟ ዮርክ ከተማ ከቫይኪንጎች ዘመን አፈር የወጡ ቢላዎች ይህን ያሳያሉ፤ አንዳንዱ አረብ ብረቱን በሁለት ለስላሳ ብረቶች መሃል አስገብቷል፤ አንዳንዱ ከታች ጠርዙ ላይ ብቻ በይዶታል።

እ.ኤ.አ. በ1856 ሄንሪ ቤሰመር የተባለው እንግሊዛዊ አረብ ብረትን በብዛትና በርካሽ የማምረት ዘዴውን አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች ሙሉ ቢላውን ከአንድ ብረት መሥራት ቀለላቸው፤ ነጠላ ብረት የዓለም ልማድ ሆነ። ማነባበር ግን አልጠፋም። በስዊድኗ ሞራ አካባቢ የእንጨት እጀታ ያላቸው ትንንሽ ንብርብር ቢላዎች መሠራታቸው ቀጠለ። በኖርዌይ ሆልመዳል እ.ኤ.አ. በ1932 የተቋቋመው ሄሌ ሦስት ንጣፍ የማይዝግ ብረት እያነባበረ እስከ ዛሬ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የስዊድን አየር ኃይል አብራሪዎች የያዙት የፎልክኒቨን ኤፍ1 ቢላ ታሪክ ደግሞ ለክርክራችን ይጠቅማል። መጀመሪያ በነጠላ ብረት ተሠራ፤ ኋላ በንብርብር ተተካ። ያኔ የብረት እጥረት አልነበረም። ሠሪዎቹ የፈለጉት ጠንካራውን መሃል የሚደግፍ ቻይ አካል ነው። ማነባበር በእጥረት ተወልዶ በጥቅሙ ቀጠለ ማለት ነው።

የእኛ ደጋ መንገድ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ብረት መሥራት ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በደቡብ ኦሞ ዲሜዎች ዘንድ ድንጋይ አቅልጦ ብረት ማውጣት እስከ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘልቋል። በመካከለኛው ደጋ ግን ባለእጁ ቀስ በቀስ ከሌላ አገር ለመጣ ብረት ተገዛ። ከደጎሎ ብዙም የማይርቀው ወረኢሉ ይህ የሆነበትን ዘመን ያስታውሰናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ለዓድዋ ዘመቻ ሲያውጁ የሸዋ ጦር እንዲከት የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ገበያ ተብለው በጀርመን አገር በዞሊንገን የተሠሩ፣ አንዳንዶቹም የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው የጎራዴ ስለቶች ወደ አገር ይገቡ ነበር። እነዚህ የፋብሪካ ሥራዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ስለት ሲሰበር አይጣልም፤ ወደ ባለእጅ ይሄዳል፣ ካራ ሆኖ ይመለሳል። የወሎ አንጥረኛ አረብ ብረትን የሚያውቀው ከተሰበረ ነገር እንደሚገኝ ሀብት ነው። መኪና ሲመጣም ያው እውቀት ጠበቀው።

ባሌስትራው

ዛሬ ከደሴ በወረኢሉ አድርጎ በሚመጣው መንገድ የጭነት መኪና ሲመላለስ ይውላል። ጭነት ሲበዛና መንገድ ሲከፋ ባሌስትራ ይሰበራል፤ የተሰበረው ንጣፍ በገበያ ተሽጦ እቶን ዳር ይደርሳል። ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ጥሩ የሚባል ካራ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚነሳው ባሌስትራ ነው።

ምርጫው በልምድ የተገኘ ይሁን እንጂ ሳይንሱም ይደግፈዋል። የብዙዎቹ ባሌስትራዎች ካርቦን ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ይደርሳል፤ እንደ ፋብሪካው ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ይህ ብረት የተፈጠረው እንዲጎብጥና ተመልሶ እንዲቃና ነው። ለትንሽ ቢላ ሲሆን ከፍተኛውን ስለት አይሰጥም፤ ግን ስህተት ይችላል። የቤት ግንባታ ፌሮ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ካርቦኑ ባብዛኛው ከ0.3 በመቶ በታች ስለሆነ ቢነከርም በበቂ አይጠነክርም። ላሜራም እንዲሁ ነው። ያረጀ ሞረድ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ካርቦኑ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሆነ ስለቱ ይሰላል፣ ሆኖም በጥንቃቄ ካልተያዘ ይሰበራል። የመኪና ኩሽኔታም ከሞረድ ጋር የሚቀራረብ ካርቦን አለው። ባሌስትራም ቢሆን እንከን አያጣውም፤ ለዓመታት የተሠራበት ንጣፍ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለእጅ ከተሰበረበት ቦታ ራቅ ያለውን ክፍል ይመርጣል።

ታዲያ የደጎሎ ባለእጅ ንብርብር መሥራት ይችላል? ይችላል። ያረጀ ሞረድ መሃል፣ ለስላሳ ብረት ከግራና ከቀኝ አድርጎ ማጣበቅ የሺህ ዓመቱ አሠራር ነው። የሚጠይቀውን ግን እንቁጠር። ብረቶቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ሊፈነጥቅ የሚቃረብበት ሙቀት ያስፈልጋል። ፊታቸው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ዝገትና ቅርፊት እንዳይገባ ቦራክስ ወይም ጥሩ አሸዋ ይነሰነሳል። ምቱ ፈጣን መሆን አለበት። ትንሽ ቅርፊት መሃል ላይ ከቀረ ንጣፉ የተያያዘ መስሎ ይወጣና ከወራት በኋላ ይላቀቃል። እሳቱ ከረዘመ ደግሞ የጠንካራው ብረት ካርቦን ይቃጠላል፤ የተፈለገው ጥንካሬ አብሮ ይጠፋል። በፍየል ቆዳ ወናፍና በባሕር ዛፍ ከሰል ይህን ሁሉ መቆጣጠር የሚችል እጅ ትልቅ እጅ ነው።

ዋናው የኢኮኖሚ ነገር እዚህ ላይ ተገልብጧል። ጥንት የተወደደው አረብ ብረት ነበር፤ ከሰልና ጉልበት ይገኛል። ዛሬ አረብ ብረት ከተሰበረ መኪና ይወርዳል፤ የተወደደው ከሰሉ ነው። ዛፉ በተራቆተበት ደጋ ለአንዲት ካራ ተጨማሪ ከሰል ማንደድ የሚያዋጣው ትርጉም ያለው ጥቅም ሲኖር ብቻ ነው። የወሎ ባለእጅ በነጠላ ብረት መጽናቱ ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ በእጁ ላለው ነገር ትክክለኛው መልስ ነው።

እሳቱ

ከገበያው ውጪ፣ በሣር ጣሪያ ሥር ያለው የባለእጁ ምድጃ ትንሽ ጉድጓድ ናት። ልጃቸው ሁለቱን የወናፍ ቆዳዎች በየተራ እየተጫነ ይነፋል፤ አየሩ በሸክላ አፍ በኩል ከሰሉ ሥር ይገባል። ከባሌስትራ የተቆረጠ ቁራጭ በጉጠት ተይዞ እሳቱ ውስጥ ገብቷል። ቀይ ሲሆን መስፉ ላይ ይወጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሲጠቁር ተመልሶ ይገባል። “ጠቁሮ ከመታሁት ውስጡን እሰብረዋለሁ” አሉ ባለእጁ። “ዐይን ነው የሚሠራው፤ ክንድ ይከተላል።”

የካራው ቅርጽ ወጥቶ በሞረድ ከተስተካከለ በኋላ ዋናው ሥራ መጣ። ካራው እንደገና ጋለ። ባለእጁ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለዋል። የጋለውን ስለት አስጠጓት፤ ሳበችው። መልሰው አጋሉት፣ አስጠጓት፤ አልሳበችም። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ለመጠንከር የሚያስፈልገው ሙቀት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። በቀላል ዘዴ የተገኘ ቴርሞሜትር ነው።

ከዚያ የካራው ጠርዝ ብቻ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ተነከረ፤ ጀርባው ከላይ ቀላ እንዳለ ቀረ። ዘይቱ ጭስ አፈነዳ። ብዙ ቦታ ለዚህ የሚያገለግለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ ጭሱ ለሳንባ ክፉ ስለሆነ የምግብ ዘይት ይሻላል። ውሃ ደግሞ ባሌስትራን በድንገት ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላል።

እዚህ ላይ ንብርብርንና ነጠላን የሚያገናኝ ድልድይ አለ። ጠርዙ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ ጠነከረ። ጀርባው በዝግታ ስለቀዘቀዘ ለስለስ ብሎ ቀረ። ከአንድ ብረት፣ ያለ ማጣበቅ፣ ጠንካራ ጠርዝና ቻይ ጀርባ ተገኘ። ማነባበር የሚሰጠውን ዋና ጥቅም ባለእጁ በአነካከር ብቻ አግኝቶታል።

ሥራው ግን አላለቀም። ከዘይት የወጣ ጠርዝ እንደ ወጣ ቢተው ይሸረፋል። መለስ ብሎ በመጠነኛ ሙቀት መብሰል አለበት፤ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ የጸዳው ብረት ፊት የገለባ ቀለም እስኪይዝ። ይህ የእንጀራ ምጣድ ሲግል የሚደርስበት ሙቀት ነው፤ ምጣድ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይሆናል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ካለፈ ብረቱ የባሌስትራ ጠባይ ይዞ ስለቱን ያጣል። ይህችን የመጨረሻ እርምጃ ችላ ያለ ሠሪ የፈለገውን ብረት ቢያነባብር ካራው አይበረክትም። ይህችን በትዕግሥት የፈጸመ ደግሞ ከነጠላ ባሌስትራ የሚያኮራ ስለት ያወጣል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው

በዚህ አገር ትንሽ ቢላ ብዙ ሥራ አለባት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር በሚኖርበት ወሎ፣ በገናና በፋሲካ፣ በዒድ አልፈጥርና በአረፋ በግ ይታረዳል። በእስልምና አራጁ ስለቱን በሚገባ እንዲስል፣ እንስሳውንም እንዳያሰቃይ ታዟል፤ ክርስቲያኑም የዶለዶመ ካራ ነውር መሆኑን ያውቃል። ለእርድና ለመግፈፍ ስለትን አጥብቆ የሚይዝ ብረት ይፈለጋል። በሮክዌል መለኪያ 60 አካባቢ የጠነከረ መሃል ያለው በትክክል የተሠራ ንብርብር እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ብዙ በግ ያለ ሞረድ ይገፋል። ከቆዳው ላይ ዙሪያውን እየዞረ ጠፍር የሚተለትል ሰውም ይህንኑ ይመርጣል፤ ጠፍር አንዴ ከተዛነፈ አይመለስምና።

ከወይራ ወይም ከዋንዛ እጀታ ለሚቀርጽ ሰው ንብርብር ሌላ ጥቅም አለው። ለእንጨት የሚሆን ቢላ የጠርዙ ቁልቁለት ሰፊና ሜዳ ነው። ድንጋይ ላይ ሲሳል ከሚነካው ገጽ አብዛኛው ለስላሳው ብረት ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ ጠንካራው ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ነጠላውና እኩል የጠነከረው ብረት ይህን ያህል ሰፊ ፊት ይዞ ለመሳል ጊዜ ይወስዳል። የዓባይና የገባሮቹ ሸለቆ የአሸዋ ድንጋይን ገልጦታል፤ ከዚያ የሚመረጥ ደቃቅ ድንጋይ በውሃ ሲረጥብ ጥሩ መሳያ ይሆናል፤ በንብርብር ላይ ሥራው ይፈጥናል።

መፈልቀቅ፣ መሰንጠቅና መንቀል ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ነጠላው ያደላል። ቢላ ሲጎብጥ ትልቁን ጫና የሚሸከመው የውጭው ገጽ ነው፤ መሃሉ ብዙም አይጎተትም። በንብርብር ላይ የውጭው ገጽ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ቢላው ከልክ ሲጎብጥ አይሰበርም፤ ግን እንደጎበጠ ይቀራል። በአግባቡ የበሰለ ባሌስትራ ተመልሶ ይቃናል። በመንገድ፣ በእርሻ፣ በከብት ጥበቃ ለሚውል፣ ሽቦ ለሚያላቅቅና ችካል ለሚያሾል ሰው ነጠላው ይሻለዋል።

ለማጀት ደግሞ የዝገት ጥያቄ ይቀድማል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ካርቦን የበዛበትን ብረት ያጠቁሩታል፤ ታጥቦ ካልተወለወለም ይዝጋል። ብረት የማይዝግ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖረው ነው። ከውጭ ከሚመጡ ንብርብሮች አንዳንዶቹ ዝገት የማይነካው ጎንና የሚዝግ ጠንካራ መሃል አላቸው፤ ይህ ጥሩ ስምምነት ነው፤ የሚወለወለው ቀጭኗ ጠርዝ ብቻ ትሆናለች። ከገበያ የሚገዙት ርካሽ የማይዝጉ ነጠላ ቢላዎች ግን ብዙ ጊዜ ካርቦናቸው ያንሳል፤ አይዝጉም፣ ስለትም አይዙም።

ከመግዛት በፊት

ከላይ የተባለውን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ጥቂት ነገሮችን በገዛ እጁ ማረጋገጥ ይችላል። ንብርብር የተባለውን ቢላ ጀርባ ይመልከት፤ እውነተኛ ንጣፍ በጀርባውም ይዘልቃል፤ የታተመ መስመር ጎኑ ላይ ያልቃል። የሦስት ንጣፍ ቢላ ከጠርዙ ከፍ ብሎ የብረቶቹ መገናኛ መስመር ይታይበታል። መስመሩ ላይ ጥቁር ክፍተት ካለ አይግዛ፤ ያ ያልተጣበቀ ቦታ ነው። የሚዝግ ብረት ከሆነ ሎሚ ቀብቶ ትንሽ ይጠብቅ፤ ካርቦን የበዛበት ይጠቁራል፣ ለስላሳው ነጣ ብሎ ይቀራል። ጠርዙ ብቻ በተነከረ ነጠላ ካራ ላይም የጠነከረው ክፍል ጥላ ሊወጣ ይችላል። የማይዝግ ብረት ላይ ሎሚ ምንም አያሳይም፤ እዚያ ላይ በጀርባውና በመገናኛ መስመሩ መፍረድ ነው።

ቀጥሎ የጥንካሬው ፍተሻ ይመጣል። ሻጩን አስፈቅዶ ስለታም ሞረድ ጠርዙ ላይ በቀስታ ያስኪድ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠርዙ ጠንክሯል፤ ከነከሰ ለስላሳ ነው። ከዚያ ጠርዙን ድቡልቡል ምስማር ላይ በትንሹ ተጭኖ ይመልከት። ጠርዙ ጎበጥ ብሎ ከተመለሰ በስሏል፤ እንደጎበጠ ከቀረ አልጠነከረም፤ ከተሸረፈ ከዘይት ከወጣ በኋላ ዳግመኛ አልበሰለም። በመጨረሻም እጀታውን ይጠይቅ። የማይታጠፍ ቢላ ጉልበቱ ብረቱ እጀታው ውስጥ በዘለቀበት መጠን ይወሰናል፤ እስከ ኋላ የዘለቀና በደንብ የተቸነከረ ይመረጣል። ውፍረቱ ለእርድና ለማጀት 2 ሚሊ ሜትር፣ ለመስክ ሥራ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲወፍር ይከብዳል እንጂ አይቆርጥም።

ለባለእጁ የሚከፈለው

በዚህ ገበያ ዋጋ ሲከራከሩ የሚሰማ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ገዢው የሚመዝነው ብረቱን ነው። “ባሌስትራውን በስንት ገዛኸው?” ይላል። ማንም “ስንት ጊዜ አጋልከው? ምን ውስጥ ነከርከው? በኋላስ አበሰልከው?” ብሎ አይጠይቅም። የካራው ሕይወት ያለው ግን በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ነው። የማይጠየቅ ነገር አይከፈልበትም፤ የማይከፈልበት ነገር ደግሞ ከጊዜ በኋላ አይሠራም። በጥድፊያ ተነክሮ ሳይበስል የሚሸጥ ካራ ገበያውን የሚሞላው ለዚህ ነው። ወጣቱ ከውጭ የመጣ ሥዕል አምሮት ቢመጣ አይፈረድበትም።

ሌላም ሸክም አለ። ቀጥቃጭን ማራቅ፣ በቡዳ ስም ማማት፣ ጋብቻና ማዕድ መንፈግ በደጋው ለዘመናት የኖረ ክፉ ልማድ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አባቱ ሲሰደብ ያየ ልጅ ወናፉን ጥሎ ወደ ከተማ ወይም ወደ ዓረብ አገር ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? እሱ ሲሄድ አብሮት የሚሄደው የቀለም ዕውቀት ነው፤ የገለባው ቀለም መቼ እንደሚመጣ፣ ሰማያዊው መቼ እንደሚቀድም ያየ ዓይን። ያን ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ መልሶ ማምጣት አይቻልም።

መፍትሔው በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ ጅምሩ ግን ቀላል ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ባለእጆችን ሠልጣኝ ብቻ አድርገው ከማየት ይልቅ መምህር አድርገው ቢጋብዟቸው፣ ማግኔትና ቴርሞሜትር፣ ንጹሕ ዘይትና የተሻለ ምድጃ ይዘው ቢቀርቧቸው ሁለቱም ያተርፋሉ። ንብርብር መሥራት የሚፈልግ ባለእጅም ከሰሉን በሚቆጥብ ምድጃ ቢሞክረው፣ ለእርድና ለጠፍር የሚሆን የራሳችን ሦስት ንጣፍ ካራ ወደ ገበያ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ተደርድረው ገዢው እንደ ሥራው ይመርጣል።

እስከዚያ ድረስ ኃላፊነቱ የገዢው ነው። ካራ ስትገዙ ብረቱ ከምን እንደመጣ፣ በምን እንደተነከረ፣ በኋላም እንደበሰለ ጠይቁ። መልሱን በሞረድና በምስማር አረጋግጡ። ባለእጁ እውነቱን ከነገራችሁና ካራውም ከመሰከረለት፣ በኪሎ ብረት ዋጋ አትከራከሩት። እሳቱ ዳር ያጠፋውን ሰዓት ክፈሉት።